በትልቅ የቴክ ኩባንያ የዲዛይን አፕረንቲስ መሆን፦ በግል የጠየቃችሁኝን እዚህ ልመልስ

ሐምራዊ_እርሳስ፦

ሰላም ለቤቱ። ባለፈው ስለ ሥራዬ ጣል ካደረግኩ ወዲህ በግል መልእክት የምትጠይቁኝ በዛችሁ። ለአንዱ የመለስኩትን ለሌላው መድገም ስለሰለቸኝ ሁሉንም እዚህ ልዘርግፈው። የኩባንያውን ስም ግን አትጠይቁኝ፣ የፈረምኩት ውል አለ። ሲያትል አካባቢ ያለ፣ በየስልካችሁ ቢያንስ አንድ አፑ የማይጠፋ ነው።

በዲቪ ነው የመጣሁት። አዲስ አበባ አካውንቲንግ ተምሬ ነበር፤ እዚህ እንደ ብዙዎቻችን የሲያትሉ ሲታክ ኤርፖርት ዊልቸር ስገፋ ቆየሁ። ማታ ማታ ጉግል በ2021 ያወጣውን የዩኤክስ (አፕና ድረ ገጽ ለተጠቃሚው እንዲመች አድርጎ የመንደፍ ሙያ) ሰርተፍኬት ኮርሴራ በሚባለው የኦንላይን ትምህርት ድረ ገጽ ላይ ጨረስኩ፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጥቂት ክላስ ወሰድኩ፣ ፖርትፎሊዮ (የሥራዎቼን ስብስብ) ሠራሁ፣ አመለከትኩ። ይሄን ክፍል ዩቲዩብ ላይ ሁሉም ስለሚያወራው አላስረዝመውም።

አፕረንቲስና ኢንተርን አንድ አይደሉም። ኢንተርን ብዙውን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ተማሪ ነው፤ ክረምቱን ሠርቶ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። አፕረንቲስ ዲግሪ ባይኖረውም ይቀጠራል፣ ከሌላ ሙያ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ደመወዝ እየተከፈለው ዓመትም ከዚያም በላይ እየሠራ ይማራል። አሜሪካ ውስጥ የአፕረንቲስ ሕግ ከ1937 ጀምሮ አለ፤ ለኤሌክትሪክና ለቧንቧ ሠራተኛ የኖረ ነገር ነው። የቴክ ኩባንያዎቹ ናቸው ዘግይተው የደረሱበት። ማይክሮሶፍት ሊፕ የሚባለውን ፕሮግራሙን በ2015 ጀመረ፣ አይቢኤም በ2017፤ ጉግልም ለዩኤክስ ዲዛይን የራሱን ከፍቶ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው። ዲዛይነር ሲባል ሰዉ ቀኑን ሙሉ ቀለም ስንቀባ የምንውል ይመስለዋል። እኔ ፊግማ (ስክሪን የምንነድፍበት ሶፍትዌር) ላይ የማጠፋው ጊዜ የቀኔን ሲሶ አይሞላም። የቀረው መጻፍ ነው፣ መጠየቅ ነው፣ ያደረግኩትን ለምን እንዳደረግኩ ማስረዳት ነው። እውነቱን ለመናገር የምማረውም እሱን ነው፤ መሳሉንማ ከቤት ይዤው መጥቻለሁ።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የተሰጠኝ ሥራ ፋይል እየተጫነ ኢንተርኔት ቢቋረጥ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው መልእክት ነበር። መልእክቱ ብቻ፤ አንድ መስመር ጽሑፍና አንድ በተን። ቀይ ሰሌዳ ሠራሁ፣ «አልተሳካም፣ እንደገና ይሞክሩ» ዓይነት ነገር ጻፍኩበት፣ ቡድኑ ሥራችንን እያየ ወደሚተችበት፣ ክሪቲክ ወደሚባለው ስብሰባ ይዤው ገባሁ። ከዚያ ጥያቄው ይወርድ ጀመር። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው ስህተት መሆኑን በምን ያውቃል? ጽሑፉ ከጀርባው ቀለም ጋር ያለው ኮንትራስት (የብርሃን ልዩነት) ለማንበብ የሚፈለገውን 4.5 ለ 1 ይሞላል? ኪቦርዱ ተከፍቶ ከሆነ ሰሌዳው የት ይገባል? ስክሪን ሪደር (ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) የሚጠቀም ዓይነ ስውር መልእክቱን መቼ ይሰማዋል? አርባ ፋይል ተጭኖ ሦስቱ ብቻ ቢወድቁስ? አንዱ ኢንጂነር ደግሞ፣ «እንደገና ይሞክሩ ስትዪ ከዜሮ ነው ወይስ ከቆመበት?» አለኝ።

የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ነው አፌ የተፈታው። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች የኔትወርክ መቋረጥን እንደ አደጋ ነው የሚያዩት፤ አንዴ ይደርሳል፣ ይታለፋል። እኔ ያደግኩት መቋረጡ የዕለት እንጀራ በሆነበት አገር ነው። ካርድ ሞልተህ ግማሽ ቪዲዮ ከላክህ በኋላ ተቋርጦ ከዜሮ ጀምር ማለት ብርህን መብላት ነው አልኳቸው። የተጫነው እንዳይጠፋ፣ ምን ያህሉ እንደገባ እንዲታይ፣ ኔትወርኩ ሲመለስ ራሱ እንዲቀጥል፣ ቀዩ ሰሌዳ ደግሞ በእርግጥ ሲወድቅ ብቻ እንዲወጣ። ኢንጂነሩ የሚቻለውንና የማይቻለውን ነገረኝ፣ ቁጭ ብለን ጻፍነው። በተኑ ራሱ በመጨረሻው ዲዛይን ላይ የለም።

ክሪቲኩ ለሐበሻ ይከብዳል፣ ይሄን ልደብቃችሁ አልችልም። «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ነው ያደግነው። እዚያ ግን ዝም ያለ ሰው ሐሳብ እንደሌለው ነው የሚቆጠረው፤ ጨዋ ነው ብሎ የሚያስብልህ የለም። ማናጀርን ፊት ለፊት «በዚህ አልስማማም» ማለት ብልግና መስሎ ይሰማችኋል፣ ለነሱ ግን ተራ ወሬ ነው። እኔን የረዳኝ ስብሰባው ሳይደርስ ምክንያቶቼን ፋይሉ ላይ ጽፌ መግባት ነው፤ ሲጠይቁኝ አነበዋለሁ።

በሉ ጠይቁ።

የቀበና_ልጅ፦

እህቴ ተባረኪ። ሁለት ጥያቄ፣ ሳታፍሪ መልሺልኝ። ክፍያው ያኖራል ወይ? ሲያልቅስ ይቀጥሩሻል ወይስ ሸኝተው ይመልሱሻል?

ሐምራዊ_እርሳስ፦

ያኖራል። ከሙሉ ዲዛይነር ያንሳል፣ ከኤርፖርቱ ግን አይወዳደርም። መንግሥት የመዘገበው አፕረንቲስሺፕ ከሆነ ችሎታህ እያደገ ሲሄድ ደመወዝህም እንዲያድግ ሕጉ ራሱ ያስገድዳል። ያልተመዘገበ ከሆነ ግን ውሉን አንብብ፦ የተቀጠርከው በኩባንያው ነው ወይስ በሦስተኛ ወገን ኤጀንሲ? ኢንሹራንስ አለው? ሰዉ ደመወዙን ብቻ አይቶ ነው የሚፈርመው።

መቀጠሩን በተመለከተ ማንም ቃል አልገባልኝም። የተወሰነ ጊዜ ውል ነው። መጨረሻ ላይ ቦታ ካለ እንደ ማንም ሰው ኢንተርቪው ትገባለህ፤ ጥቅምህ ቡድኑ ሥራህን ማወቁ ነው።

ሰከን_በል፦

ይቅርታ እህቴ፣ ደስታሽን ላደፈርስ አይደለም፤ ግን ልጆቹ ሌላውንም ወገን ይስሙ። ሳንሆዜ አካባቢ ነው ያለሁት፣ ዲዛይነር ነበርኩ፣ በ2023 ከተባረሩት ነኝ። ሜታ ኖቬምበር 2022 ላይ 11,000 ሰው አሰናበተ። ከዚያ ጃንዋሪ 2023 ላይ ጉግል 12,000፣ ማይክሮሶፍት 10,000፣ አማዞን ከ18,000 በላይ ብለው አወጁ። የዓመታት ልምድ ያለው ሰው ሁሉ ገበያ ላይ ወጣ፣ ለጀማሪ ይለጠፍ የነበረውን ቦታም እሱው ወሰደው። አፕረንቲስ የሚባለው ነገር ያማረ ስም የተሰጠው ርካሽ ጉልበት ነው። የሙሉ ዲዛይነር ሥራ ያሠሩሻል፣ የተማሪ ይከፍሉሻል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ሌላ ያመጣሉ።

ሐምራዊ_እርሳስ፦

ርካሽ መሆኔን አልክድም። ግን ለማን ነው ርካሽ? የኔ ሜንተር (አሠልጣኝ) የምትባለዋ ሲኒየር ዲዛይነር በሳምንት ሰዓታት የምታጠፋው ከኔ ጋር ነው፤ የሷ ሰዓት ውድ ነው። የመጀመሪያዎቹን ወራት ኩባንያው ያተረፈብኝ ያወጣብኝን የሚያህል አይመስለኝም። ኋላ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፣ እሱ ላይ ልክ ነህ። አፕረንቲስ ለመግባት የሚያስብ ሰው መጠየቅ ያለበት «ሜንተር የሚሆነኝ ሰው አለ ወይ፣ ስንት አፕረንቲስ ይይዛል?» የሚለውን ነው። አንድ ሰው ስምንት ልጅ ከያዘ አንተ ያልከው ነው።

ሰከን_በል፦

እሺ፣ የሜንተሩን ነገር ተቀብያለሁ። ሌላውን አልቀበልም።

የድሮ_ጽሕፈት፦

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ዲሲ ነው የምኖረው። አለ ፈለገሰላም ካቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወጥቼ ፒያሳ የሱቅ ሰሌዳ በእጄ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ ኮምፒዩተሩ አላውቅም፤ ግን አንድ ነገር ዘወትር ያናድደኛል። ስልኬን በአማርኛ ሳደርገው ፊደሉ አንዳንዱ ቀጭን አንዳንዱ ወፍራም ይሆናል፣ አናቱ የተቆረጠም አያለሁ። እኛ ሰሌዳ ስንጽፍ «ጿ»ን እና «ቧ»ን ለማስገባት ከላይም ከታችም ቦታ እንተው ነበር። ይሄን የሚያይ ሰው እናንተ ጋ የለም ወይ?

ሐምራዊ_እርሳስ፦

ጋሼ፣ እጅግ አመሰግናለሁ፤ የልቤን ነው የጠየቁኝ።

የሚሆነው ይሄ ነው። ኩባንያዎቹ የራሳቸውን ፎንት ያሠራሉ፣ ያ ፎንት አብዛኛውን ጊዜ የኛን ፊደል አይዝም። ስልኩ የጎደለውን ፊደል ከሌላ ፎንት ይበደራል፤ አንድሮይድ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለው ነው። የተበደረው ፊደል ውፍረቱም ቁመቱም ከላቲኑ ጋር አልተለካም። ደማቅ ቅርጹ ከሌለ ደግሞ ማሽኑ ራሱ ያወፍረዋል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ «ጨ» ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። አናቱ የሚቆረጠው ዲዛይነሩ የመስመሩን ቁመት ለላቲን ለክቶ ስለቆለፈው ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒዩተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መዝገብ) ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ስለዚህ ኮምፒዩተሩ አላወቀውም የሚባል ሰበብ የለም። ያላየው ለኪው ነው።

ሌላም ልጨምርልዎ። ጉግል በ2014 ማቴሪያል ዲዛይን የሚባለውን የአፕ መልክ መመሪያውን ሲያወጣ የበተን ጽሑፍ ሁሉ በትልልቁ የላቲን ፊደል ይጻፍ ነበር፤ በተን መሆኑ የሚታወቀው በዚያ ጭምር ነው። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። አማርኛ ላይ ሲደርስ ያ ምልክት እንዳለ ይጠፋል፣ በተኑ ከተራው ጽሑፍ አይለይም። በኋላ ማቴሪያል ራሱ ትልልቁን ፊደል ትቶታል፤ እስከዚያ ግን ስንቱ አፕ ላይ እንደቀረ አስቡት።

እኔ ያለሁበት ቡድን ውስጥ በማንኛውም ስክሪን ላይ አማርኛ፣ ታይኛና ጀርመንኛ ለጥፌ ነው የማሳየው። ጀርመንኛው በርዝመት ይሰብረዋል፣ የኛና ታይኛው በቁመት። ማንም አላዘዘኝም፣ አሁን ግን ሲረሳኝ «አማርኛው የታለ?» ይሉኛል። እርስዎ ሰሌዳ ላይ የሚተዉትን ቦታ በጣት ነበር የሚለኩት ወይስ በመስመር?

የድሮ_ጽሕፈት፦

በክር። ኖራ የተነከረ ክር ወጥረን እንመታው ነበር፤ አራት መስመር፣ ሁለቱ ለፊደሉ፣ ሁለቱ ለአናትና ለእግር። እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ።

ሚሚ_ከለንደን፦

እንግሊዝ ያላችሁ፦ እዚህ ነገሩ በመንግሥት የተደገፈ ነው። ከ2017 ጀምሮ የደመወዝ ወጪያቸው በዓመት ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የሆነ ኩባንያዎች 0.5 በመቶ የአፕረንቲስ ግብር ይከፍላሉ፤ ብሩን መልሰው የሚያገኙት አፕረንቲስ ካሠለጠኑበት ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ትልልቅ ኩባንያዎች ቦታ አላቸው። ዲዛይን ላይ ደግሞ ደረጃ 6 የሚባል የዩኤክስ አፕረንቲስሺፕ አለ፤ እየሠራችሁ ዲግሪውን ትይዛላችሁ፣ የትምህርቱን ክፍያ እናንተ አትከፍሉም። የነዋሪነት መስፈርት ስላለው መጀመሪያ ወረቀታችሁን አጣሩ። የኔ ታናሽ በዚህ ነው ገብቶ እየሠራ ያለው። ማታ እንቅልፍ የለውም፣ ዕዳም የለውም።

አስኮ_07፦

እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ነው ያለሁት። ፊግማ በራሴ ተምሬያለሁ፣ ሎጎና ፖስተር እየሠራሁ ነው የምኖረው። ከዚህ ሆኜ እዚያ ለአፕረንቲስነት ማመልከት ይቻላል? እውነቱን ንገሩኝ፣ አትሸንግሉኝ።

ሐምራዊ_እርሳስ፦

ለአሜሪካው አይቻልም ብዬ ልንገርህና ጊዜህን ልቆጥብልህ። ማመልከቻው ላይ ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ እዚህ የመሥራት ፈቃድ አለህ ወይ የሚል ነው። ለአፕረንቲስ ቪዛ የሚያስመጣ ኩባንያ እኔ አላየሁም። ከኤርፖርት ተነስቼ መግባት የቻልኩት ዲቪው ግሪን ካርድ ስለሰጠኝ ነው።

ሙኒክ_ነኝ፦

አስኮ፣ ጀርመን ግን ይቻላል፣ ከባድ ቢሆንም። አውስቢልዱንግ ይባላል። የዲዛይኑ ሜዲየንገሽታልተር ይሉታል፣ ሦስት ዓመት፣ አብዛኛው ኩባንያ ውስጥ ቀሪው የሙያ ትምህርት ቤት። ቀጥሮ የሚያሠለጥንህ ኩባንያ ካገኘህና ውል ከፈረምክ በዚያ ቪዛ መጠየቅ ይቻላል። ቋንቋው ቢ1 (መካከለኛ የጀርመንኛ ደረጃ) ይፈልጋል፤ ትምህርት ቤቱ ሁሉ በጀርመንኛ ስለሆነ እኔ እንደውም ቢ2 ሳትይዝ አትምጣ ነው የምልህ። ስድስት ኪሎ ጀርመንኛ የሚያስተምረው ጎተ አለልህ። ለውሉ ገንዘብ ክፈል የሚልህ ደላላ ከመጣ ግን ሩጥ፤ አሠሪው ነው ለሠልጣኙ የሚከፍለው።

ሦስት_ማዕዘን፦

በአንድ ኩባንያ የዲዛይን ማናጀር ነኝ፣ የአፕረንቲስ ማመልከቻ አነባለሁ። አስኮ፣ ጀርመንም ሂድ አዲስ አበባም ቅር፣ ፖርትፎሊዮህ ላይ ላውራህ።

ከኢትዮጵያ የሚመጣ ፖርትፎሊዮ ስከፍት «የቴሌብር አዲስ ዲዛይን» የማያጋጥመኝ ቀን የለም። ያምራል፤ ጥላው፣ ቀለሙ፣ አይከኑ። አንድም ተጠቃሚ ግን የለበትም። ማን ተቸገረ? ምን ላይ ተቸገረ? ከምን አወቅክ? እነዚህ ከሌሉ እኔ የማየው ጥሩ እጅ ያለው ሰው ነው፣ ጥሩ እጅ ደግሞ ሞልቷል።

አንተ እኮ እኛ እዚህ ሆነን በገንዘብ የማናገኘው ነገር ደጅህ ላይ አለ። አንድ ወኪል ሱቅ ሂድ፣ ባለሱቁን አስፈቅድ፣ ቁጭ በል። ስማርት ስልክ የሌላቸው እናት በ*127# ገብተው ብር ሲልኩ እያቸው። የትኛው ቁጥር ጋ ቆም ይላሉ? መቼ ነው ስልኩን ለባለሱቁ የሚሰጡት? ሚስጥር ቁጥራቸውን ጮክ ብለው ይናገራሉ? ከዚያ ያየኸውን ጻፍ፣ አንዷን እርምጃ ብቻ አሻሽል፣ ተመልሰህ ለነሱው አሳያቸው፣ አልሠራ ካለ አልሠራም ብለህ ጻፍ። ኢንተርቪው ላይ የምጠይቀው የትኛውን ሐሳብ እንደጣልክና ለምን እንደጣልክ ነው። ያ ደግሞ ዲዛይነሮች ሥራቸውን በሚለጥፉበት ድሪብል ላይ አይገኝም።

ሌላ ትንሽ ነገር። የሚነካ በተን ስፋቱ ቢያንስ አፕል 44 ነጥብ፣ ጉግል 48 ዲፒ ይሁን ይላሉ (ሁለቱም የስክሪን መለኪያ ናቸው)። ፖርትፎሊዮ ላይ ሃያ ምናምን የሆነ አይከን ካየሁ ገጹን አልዘጋውም፣ ግን ፊቴ ይቀየራል።

የቀበና_ልጅ፦

ሃሃ ፊቷ ይቀየራል። ግን እኮ አሁን ኤአይ ሁሉን ይሠራዋል እየተባለ ነው። ፊግማ ራሱ በ2025 ፊግማ ሜክ ብሎ አመጣ፣ ጻፍክለት ስክሪኑን ይሠራልሃል። አፕረንቲስ ምን ሊቀረው ነው?

ሐምራዊ_እርሳስ፦

እጠቀመዋለሁ፣ ፈጣን ነው። ያንን የፋይል መልእክት እሱን ባዝዘው ቀይ ሰሌዳና «እንደገና ይሞክሩ» በተን ነበር የሚሰጠኝ፤ ያው እኔ መጀመሪያ የሠራሁትን። ቡድናችን ውስጥ የመጀመሪያው ንድፍ አሁን በደቂቃ ይወጣል፣ ክሪቲኩ ግን አላጠረም፣ እንደውም ረዝሟል፤ የምንነጋገርበት ብዙ ሆነ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ትንንሹን ሥራ ማሽኑ ከወሰደው ጀማሪ በምን ይለማመዳል? እሱን ሰከን_በል ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል፣ መልሱ የለኝም።

ሰከን_በል፦

እኔም የለኝም። ባለፈው ኢንተርቪው የሄድኩበት ቦታ ለአንድ ዲዛይነር የሦስት ሰው ሥራ ነው የደረደሩት፣ «ኤአይ ስላለ» እያሉ። አስኮ ግን ወኪሉ ጋ ሂድ። እሷ ያለችህን አድርግ።

አስኮ_07፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አጎቴ መርካቶ ሱቅ አለው፣ ወኪል ነው፣ ቅዳሜ ሄጄ እቀመጣለሁ። መብራት ስለሚጠፋ በወረቀት ነው የምይዘው። ሰዎቹን ፎቶ ማንሳት አለብኝ?

ሦስት_ማዕዘን፦

ፎቶ ተው። የሰው ገንዘብና ሚስጥር ቁጥር ያለበት ቦታ ነው፤ እጃቸውን እንኳ አታንሳ። ምን እንዳደረጉ ጻፍ፣ ስም አትጻፍ። ወረቀቱን ራሱን ግን ፎቶ አንሳና ፖርትፎሊዮው ላይ አስገባው፣ የእጅ ጽሑፍህ ቢያስጠላም። ስትጨርስ ሊንኩን እዚሁ ለጥፈው፣ ኮሜንት መክፈትህን አትርሳ። ባለፈው አንዱ በፓስወርድ የተቆለፈ ልኮልኝ ፓስወርዱን እስካሁን እየጠበቅኩ ነው።